‹ኤች› የተባለው ኮለም

«አቦ፣ አንድም ኤረር አላለኝም እኮ!» አለችኝ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ወደ እኔ እያዞረች። ከዚራ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነው፤ የድሬ ሙቀት ገና አልበረደም። የመጣችው ስለ ስህተት ልትጠይቀኝ አልነበረም። የቤተሰብ ገቢ አማካይ ለምን እንዲህ እንደወረደባት ግራ ገብቷት ነው። ሁሉም ትእዛዝ ሠርቷል፣ ሠንጠረዡ ወጥቷል፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ የለም።

የኤክሴል ፋይሉን ከፈትነው። ላይኛው ረድፍ ላይ ‹ባል› እና ‹ሚስት› የሚሉ የተዋሃዱ ሴሎች አሉ። ከሥራቸው ለባል ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገቢ፤ ለሚስትም እንደገና ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገቢ ተደርድሯል። የባል ገቢ ኮለም ኢ ላይ፣ የሚስት ገቢ ኮለም ኤች ላይ ነው። ስታታ ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኢምፖርት ስታደርግ ከሁለተኛው ረድፍ እንዲጀምር አዝዛዋለች፤ ይሄ ልክ ነው። ስታታ ግን አንድን ስም ሁለት ጊዜ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ‹ገቢ› ብሎ ተቀበለና ሁለተኛውን በኤክሴል ፊደሉ ‹ኤች› ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲያ ‹ገቢ› በተባለ ቁጥር የሚመጣው የባሎች ገቢ ብቻ ነው። ሚስቶቹ ጫፍ ላይ ‹ኤች› ተብለው ተቀምጠዋል፤ የጠራቸው የለም።

እስከዛሬ የሚከነክነኝ ሶፍትዌሩ አለመናገሩ ነው። ስለ ቫሪያብል (ሶፍትዌሩ ውስጥ ስለገባ ኮለም) ስም ሲወራ ሰው የሚያስበው ቀዩን መልእክት ነው፦ ‹ቫሪያብሉ አልተገኘም›፣ ‹ስሙ ልክ አይደለም›። በስታታ የመጀመሪያው ከኮድ 111፣ ሁለተኛው ከኮድ 198 ጋር ይመጣል። እነዚህ ቁጣ ያላቸው፣ ግን ታማኝ መልእክቶች ናቸው፤ ሥራህን አስቁመው ና እየኝ ይሉሃል። እኔ የምፈራው በራሱ አስተካክሎ ዝም የሚለውን ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ካልሆነ ሶፍትዌሩ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ግን አንተ ያላወጣኸውን ስም የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው፣ ሁሉም ደግሞ የየራሱ አመል አለው።

ስታታ የኤክሴልን የመጀመሪያ ረድፍ ስም አድርጎ እንዲያነብ ሲታዘዝ የማይፈቀዱ ምልክቶችንና ክፍተቶችን አውጥቶ ይጥላል፣ የቀሩትን ፊደሎች ያጣብቃል። ‹ዕድሜ (በዓመት)› የነበረው ‹ዕድሜበዓመት› ይሆናል። ማጣበቅ ካልተቻለ ወይም ስሙ ቀድሞ ከተያዘ የኮለሙን ፊደል ይሰጣል። ደጉ ነገር፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሌብል፣ ማለትም ከስሙ ጎን የሚቆም መግለጫ፣ አድርጎ ያስቀምጥልሃል። ስለዚህ ኢምፖርት እንዳለቀ ‹ዲስክራይብ› (የቫሪያብሎች ዝርዝር ማሳያው) ብሎ በስም ፈንታ የቆሙትን ነጠላ ፊደሎች መፈለግ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን ሌብል ማንበብ ነው። የሚስቶቹ ገቢም የተገኘው እንደዚህ ነው፤ ‹ኤች› በሚለው ስም ትይዩ ‹ገቢ› የሚል ሌብል ቁጭ ብሏል።

ሌላው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስም ልክ ያልሆነውን ስም ወደ ልክ ስም ቀይሮ ዋናውን ጽሑፍ ሌብል ያደርገዋል። አር በተባለው ሦስተኛው ሶፍትዌር ላይ እንደ መንገድህ ይለያያል። በተለመደው ‹ሪድ ሲኤስቪ› ካነበብከው የማይፈቀደው ምልክት ሁሉ ነጥብ ይሆናል፣ በቁጥር የሚጀምር ስም ፊቱ ላይ ኤክስ ይለጠፍበታል፣ ሁለተኛው ‹ገቢ› ደግሞ ‹ገቢ.1› ይባላል። በ‹ሪድኤክስኤል› ካነበብከው ሁለቱም ገቢዎች ስማቸው ይለወጣል፤ አንዱ ‹ገቢ...5›፣ ሌላው ‹ገቢ...8› ይሆናል፣ ቁጥሩ የኮለሙ ቦታ ነው። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው። የትኛውንም በነባር ስሙ ስላልተወው ‹ገቢ› ብለህ ስትጠራ የምታገኘው ነገር የለም፤ ግድ ሆኖብህ ፋይሉን ታያለህ።

ታያለህ ስል ግን አንድ ወጥመድ አለ። ስታታ የቫሪያብልን ስም አሳጥረህ ብትጠራው ይገባዋል። ‹ገቢ› የሚባል ከሌለና ‹ገቢ_ባል› የሚባል አንድ ብቻ ካለ፣ ‹ገቢ› ስትለው ‹ገቢ_ባል›ን አንስቶ ይሠራል። ምንም አይልም። ሁለት ካሉ ነው ግራ ገባኝ ብሎ የሚቆመው። አርም በተለመደው ዳታ ፍሬም ላይ በዶላር ምልክት ስትጠራው እንዲሁ ያደርጋል። በስታታ ‹ሴት ቫርአብሬቭ ኦፍ› ብሎ ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ ‹ፐርማነንትሊ› የሚለው ከተጨመረበት በከፈትከው ቁጥር እንደጠፋ ይቆያል። ዶ ፋይል (የስታታ ትእዛዞች ተጽፈው የሚቀመጡበት ፋይል) ሲጻፍ የመጀመሪያው መስመር እሱ ቢሆን እወዳለሁ።

ተ.ቁ፣ ሁዻ እና የማይታየው ክፍተት

የእኛ አገር ሺት ሲከፈት የመጀመሪያው ኮለም ሁልጊዜ ‹ተ.ቁ› ነው። ነጥቧ ለስታታ አትመችም፣ ‹ተቁ› ይሆናል። ኤስፒኤስኤስ መሐል ላይ ያለችን ነጥብ ይፈቅዳል፣ ስሙ በነጥብ እንዲያልቅ ግን አይፈልግም፤ ነጥብ ለእሱ የትእዛዝ ማብቂያ ነች። ‹ት/ቤት›፣ ‹የቤ/ቁ›፣ ‹ጤ/ጣቢያ› ላይ ያለው ጭረት ለሁሉም አይሆንም። ኮቦ በተባለው የዳታ መሰብሰቢያ የተሰበሰበ ዳታም የጥያቄ ቡድኑንና ጥያቄውን በዚሁ ጭረት አያይዞ ሊያወጣው ይችላል። ኮቦ ላይ ዳታውን ስታወርድ የኮለሙ ርዕስ ሌብል ሳይሆን የኤክስኤምኤል ስም እንዲሆን ከመረጥክ ግማሹ ጣጣ እዚያው ያልቃል።

ድሬና ሐረር ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ ብዙ የማይገጥም ነገር አለ። አንዱ መጠይቅ በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በሶማልኛ ይሞላና አንድ ፋይል ውስጥ ይገናኛል። በቁቤ አጻጻፍ ሁዻ የምትባለው ጭረት፣ ‹ቡኣ› በሚለው ቃል መሐል እንዳለችው ማለት ነው፣ ለሶፍትዌሩ የጥቅስ ምልክት ነች። ስታታ ይጥላታል፣ አር ነጥብ ያደርጋታል። ርዕሱ ከዎርድ ኮፒ ከተደረገ ሁዻዋ የተቆለመመች ጥቅስ ትሆናለች፤ በኪቦርድ ከተጻፈችው ቀጥ ካለችው ጋር በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አንዱን ፈልጎ የሚቀይር ሌላውን ይስታል።

የአማርኛው ደግሞ ይብሳል። ‹ዕድሜ› እና ‹እድሜ›፣ ‹ጾታ› እና ‹ፆታ›፣ ‹ሐረር›፣ ‹ሀረር› እና ‹ሃረር› ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለሶፍትዌሩ ግን ከነጭራሹ የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ምልክቱ ሁሉ ትክክለኛ ፊደል ስለሆነ የሚያስቆመው የለም፤ ማንም ኤረር አይሰጥህም።

ከዚያ የማይታዩት አሉ። ሴል ውስጥ ኦልት ኢንተር ተብሎ የተሰበረ መስመር በኮድ 10 የሚታወቅ ምልክት ነው። ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ይዞት የሚመጣው የማይሰበር ክፍተት ደግሞ ኮድ 160 ነው። የኤክሴሉ ‹ትሪም› ተራውን ክፍተት እንጂ 160ን አይነካም፤ ‹ክሊን› የሚያጠፋው ከ0 እስከ 31 ያሉትን ብቻ ነው፣ 10ን ሲያጠፋም ሁለቱን ቃላት ያጣብቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ በ‹ሰብስቲትዩት› 10ንም 160ንም በተራ ክፍተት መተካት፣ ከዚያ ‹ክሊን›፣ መጨረሻ ላይ ‹ትሪም›። የጠረጠርከውን ርዕስ ‹ሌን› በተባለው ፊደል ቆጣሪ ቁጠረው፤ በዓይንህ ሁለት ፊደል የምታየው ‹ገቢ› 3 ካለህ አንድ የተደበቀ ነገር አለ።

ቁጥርም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የዕድሜ ክልል ኮለም ርዕስ አድርገህ 1-4፣ 5-9፣ 10-14፣ 15-19 ብለህ ስትጽፍ በአሜሪካ አቀማመጥ ያለ ኤክሴል የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ቀን ያደርጋቸዋል፦ ጃንዋሪ 4፣ ሜይ 9፣ ኦክቶበር 14። 15ኛ ወር ስለሌለ አራተኛው ይተርፋል። ከመጻፍህ በፊት ረድፉን ቴክስት ማድረግ ወይም ከፊቱ ነጠላ ጥቅስ ማስቀደም ይበቃል። አንዴ ቀን ከሆነ በኋላ ፎርማቱን መቀየር አይመልሰውም፤ እንደገና መጻፍ ነው። 2014፣ 2015፣ 2016 የሚሉ የዓመት ርዕሶችም ስም መሆን አይችሉም፣ ስም በቁጥር አይጀምርም። ስታታ ፊደል ይሰጣቸዋል፣ አር ኤክስ ይለጥፍባቸዋል፣ ኤስፒኤስኤስ ላይ ፊታቸው ላይ የ‹አት› ምልክት ይገባል። ስታታ ላይ ዓመቱ ሌብሉ ውስጥ ስላለ በአንድ ‹ፎርኢች› ሉፕ ከየሌብሉ አውጥቶ ፊቱ ላይ ዋይ ጨምሮ ስም ማድረግ ይቻላል። ዳታውን ከጎን ወደ ታች በ‹ሪሼፕ› ለመገልበጥ ያሰበ ሰው ይሄን ሳያደርግ አይሄድለትም።

የተያዙ ቃላትንም እንዳልረሳ። የጂፒኤስ ኮለሞችን ‹ላት› እና ‹ሎንግ› ብሎ በእንግሊዝኛ መሰየም የተለመደ ነው። ‹ሎንግ› ግን ስታታ ውስጥ የቁጥር ዓይነት ስም ስለሆነ ቫሪያብል አይሆንም፤ ‹ሎን› ቢባል ችግር የለውም። ስለ ባጃጅ ጉዞ ከሳቢያን እስከ መጋላ የሚያጠና ሰው ደግሞ መነሻና መድረሻውን ‹ፍሮም› እና ‹ቱ› ቢለው ኤስፒኤስኤስ ሁለተኛውን አይቀበልም፤ ‹ቱ› ለእሱ ከዚህ እስከዚያ ያሉ ቫሪያብሎችን መጥሪያ ነው። ‹ባይ›፣ ‹ዊዝ›፣ ‹ኦል›፣ ‹አንድ›፣ ‹ኖት› የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም እዚያው ናቸው።

32 ፊደል እና 64 ባይት

ጥያቄውን እንዳለ ርዕስ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ይህን ርዕስ ተመልከቱ፦ ‹ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ የቤተሰቡ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ በበጋ›። ቀጣዩ ኮለም ያው ነው፣ መጨረሻው ብቻ ‹በክረምት› ይላል። የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ ለሚያውቅ ሰው በበጋና በክረምት መሐል ያለው ልዩነት የጥናቱ ዋና ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ክፍተቱን አውጥታችሁ ፊደሉን ቁጠሩት። ‹ባለፉት› 4፣ ‹አሥራ› 3፣ ‹ሁለት› 3፣ ‹ወራት› 3፣ ‹ውስጥ› 3፣ ‹የቤተሰቡ› 5፣ ‹ዋና› 2፣ ‹የመጠጥ› 4፣ ‹ውሃ› 2፣ ‹ምንጭ› 3። ድምሩ 32 ነው። ስታታ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 32 ፊደል ነው። ‹በበጋ› እና ‹በክረምት› የሚሉት ሁለቱም ከአጥሩ ውጭ ቀሩ ማለት ነው። አንደኛው ስሙን ይወስዳል፣ ሌላው የኮለም ፊደል ይሆናል።

ኤስፒኤስኤስ 64 ይፈቅዳል ሲባል ሰፊ ይመስላል፣ ግን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይበላል፤ ስለዚህ የሚይዘው 21 ፊደል ብቻ ነው። ከላይ ያለው ርዕስ 21 ላይ ሲቆረጥ የሚያልቀው ልክ ‹የቤተሰቡ› ላይ ነው። ‹ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ የቤተሰቡ› ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ሁሉ፣ የውሃም የገቢም የሕክምናም፣ ለኤስፒኤስኤስ አንድ ስም ነው።

የግዕዝ ፊደልን ስም አድርጎ መጠቀም ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ይቻላል። ስታታ ከ14ኛው እትም ከ2015 ጀምሮ ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የያዘውን ኮድ) ያነባል፤ አርም ዊንዶውስ ላይ ከ4.2 ከ2022 ወዲህ ዩቲኤፍ-8ን እንደ ራሱ ይዞታል። ቢሆንም እኔ አልመክርም። የሆሄው ጉዳይ፣ የባይቱ ጉዳይ፣ ትእዛዝ በጻፍክ ቁጥር ኪቦርድ የመቀያየሩ ጉዳይ አለ። ስሙን በትንሽ የላቲን ፊደል አጭር አድርገህ አማርኛውን ለሌብል ብትተወው ያዋጣል። አጭር ስል ከ12 ፊደል የማይበልጥ፤ የስታታ የሪግሬሽን ሠንጠረዥ ከዚያ በላይ የሆነውን ስም መሐሉን ቆርጦ ያሳያል።

በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ የጽሑፍ ፋይል) አሳልፎ ማስገባት የለመደ ሰው አማርኛውን ሊያጣ ይችላል። ኤክሴል ላይ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጥክ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ከዚያ ፋይል ደግሞ ማስመለስ አይቻልም። ‹ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8› የሚለውን መምረጥ ነው። እሱም ፋይሉ ጅማሬ ላይ የማይታይ ምልክት ያኖራል፤ ‹ሪድ ሲኤስቪ› አንዳንዴ የመጀመሪያውን ኮለም ስም ከፊቱ ባዕድ ፊደል ለጥፎ የሚያመጣው በዚህ ነው። ፋይል ኢንኮዲንጉን ‹ዩቲኤፍ-8-ቦም› ስትለው ይጠፋል። ያረጁ የመሥሪያ ቤት ፋይሎች በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ከተጻፉ ግን ጽሑፉ ከመሠረቱ የግዕዝ ፊደል አይደለም። ፎንቱ ሲነሳ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው የሚቀረው፤ ርዕሱን ከወረቀቱ እያዩ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ማስተካከያው ሶፍትዌሩ ውስጥ ሳይሆን ኤክሴል ላይ ቢያልቅ ነው የሚቀለው። ጥሬው ፋይል አይነካ፤ ኮፒ ይደረግ። በኮፒው ላይ የተዋሃዱት ሴሎች ይፈቱና ርዕሱ አንድ ረድፍ ብቻ ይሁን። የተዋሃደ ሴል ጽሑፉ ያለው ግራ ጫፍ ላይ ባለው ሴል ብቻ ነው፣ የተቀሩት ባዶ ናቸው፤ ‹ሚስት› የሚለው ቃል ‹ገቢ› አናት ላይ ቢታይም ኮለም ኤች ውስጥ የለም። ከርዕሱ በላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ስምና የወሩ ሪፖርት ጽሑፍም ይነሳ።

ከዚያ የርዕሱን ረድፍ ኮፒ አድርጎ በአዲስ ሺት ላይ በ‹ፔስት ስፔሻል› ውስጥ ባለው ‹ትራንስፖዝ› ወደ ታች መዘርጋት ነው። ይሄ ኮድቡክህ ነው። ኮለም ኤ የድሮው ርዕስ፣ ኮለም ቢ አንተ የምታወጣው አጭር ስም። ባልና ሚስትን የሚለየው እዚህ ይገባል፤ ‹ኢንከም› ብለህ ከኋላው በአንደርስኮር ‹ኤች› (የሀዝባንድ) ለባል፣ ‹ደብሊው› (የዋይፍ) ለሚስት። ኮለም ሲ ላይ በ‹ሌን› ርዝመቱን፣ ኮለም ዲ ላይ በ‹ካውንትኢፍ› ስሙ ስንት ጊዜ እንደተደገመ ቁጠር። ከ1 በላይ የሆነውን ሁሉ ለይ። ‹ካውንትኢፍ› ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፣ ያ ደግሞ እዚህ ጥሩ ነው፤ ስታታ በትልቅ ፊደል የጀመረውንና በትንሽ የጀመረውን ‹ኤጅ› ሁለት ቫሪያብል ሲያደርጋቸው ኤስፒኤስኤስ አንድ ናቸው ይላል። ሲያልቅ ኮለም ቢን መልሶ ትራንስፖዝ አድርጎ የዳታው ሺት ላይ መለጠፍ ነው።

አዲሱን ስም አንደኛ ረድፍ ላይ አድርጎ የአማርኛውን ርዕስ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የሚተው ሰው አጋጥሞኛል፣ እንዳይረሳ ብሎ። ያቺ አንዲት ረድፍ የቁጥር ኮለሙን ሁሉ ወደ ጽሑፍ ትቀይራለች፤ አማካይ ሲጠየቅ ከስታታ ቁጥር አይወጣም። የአማርኛው ቦታ ኮድቡኩ ነው።

ኤክሴሉ በእጅህ ካልሆነ፣ ለምሳሌ በየወሩ ከሌላ ሰው የሚላክልህ ከሆነ፣ ስሙን በዶ ፋይል መቀየር ግድ ነው። ‹ኤች›ን ‹የሚስት ገቢ› በል ብሎ በፊደል ማዘዝ ግን አደገኛ ነው። ላኪው በሚቀጥለው ወር መሐል ላይ አንድ ኮለም ካስገባ ገቢው ወደ ‹አይ› ይሸሻል፤ ትእዛዙ ግን ይሠራል፣ የሚስትን ትምህርት ገቢ ብሎ ይሰይምልሃል። ከመቀየርህ በፊት የኮለሙን ሌብል አንብቦ ‹ገቢ› ካልሆነ ሥራውን የሚያስቆም የ‹አሰርት› መስመር አስቀምጥ። ከቀየርክ በኋላ ደግሞ ‹ኮንፈርም ቫሪያብል›ን ‹ኤግዛክት› ከሚለው ጋር ተጠቀም፤ ‹ኤግዛክት› ከሌለ አሳጥሮ ያገኘውን ስም አለ ብሎ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ዙር

አንድ ፋይል ብቻ ላለው ሰው ከላይ ያለው ይበቃል። ሁለት ዙር ዳታ ያለው ሰው ግን የስም ጣጣ የሚያገኘው አንዱን ፋይል ከሌላው ሥር ሲቀጥል፣ ማለትም ‹አፔንድ› ሲያደርግ ነው። በመጀመሪያው ዙር ‹ዕድሜ›፣ በሁለተኛው ‹እድሜ› ከተባለ ስታታ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የላይኛው ግማሽ በአንዱ ኮለም፣ የታችኛው ግማሽ በሌላው ይቀመጣል፣ ቀሪው ባዶ ነው። ፋይሎችን ጎን ለጎን የሚያገናኘው ‹መርጅ› ቢሆን ማገናኛው ኮለም ሲጠፋበት ይጮኻል። ‹አፔንድ› አይጮኽም። ምልክቱ የቫሪያብሎቹ ቁጥር ነው፦ ሁለቱም ፋይሎች 40 ኮለም ኖሯቸው ድምሩ 43 ከመጣ ሦስት ስሞች አልተገናኙም። ‹ኮድቡክ› ወይም ‹ሚስቴብል ሰመራይዝ› ብለህ ባዶ ሴሎቻቸው ከአንዱ ዙር ሰው ቁጥር ጋር እኩል የሆኑትን ፈልግ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ሁለቱን የስም ዝርዝር ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አድርጎ በ‹ካውንትኢፍ› አንዱ ሌላው ውስጥ መኖሩን ማየትም ያው ነው፤ 0 ያመጣው ስም በሌላኛው ፋይል የለም። ይህን የማደርገው ከ‹አፔንድ› በፊት ነው፤ በኋላ ከሆነ የተከፈለውን ኮለም በ‹ሪፕሌስ› አንድ ለአንድ ማገጣጠም ይመጣል።